አምሮት ሲመጣ ምን ይሻላል? ውጥረትን ያለ ምግብና ያለ መጠጥ ማብረጃ መንገዶች ሲነጻጸሩ፤ ለሐዋሳ ነዋሪዎች

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሐይቁ የሚወርድ የሐዋሳ ሰው በመንገዱ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ድራፍት ቤት፣ ኬክ ቤት፣ የጀበና ቡና፣ ራቅ ሲል ደግሞ የዓሣ ጥብስ ሽታ። ቀኑ የከበደው ሰው ከእነዚህ ወደ አንዱ ጎራ ማለቱ አይገርምም። ስኳርና ስብ ያለው ምግብ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ አልኮል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነትን ያላላል። ጣጣው ኋላ ነው። ያስጨነቀው ጉዳይ ባለበት ይቆያል፣ አንጎልም "ሲከፋኝ ወደዚህ ነው" የሚል መንገድ ይለምዳል።

በምትኩ ምን ይደረግ ሲባል አብዛኛው ምክር "ስፖርት ሥሩ፣ ጸልዩ፣ ተንፍሱ" ብሎ ያልፋል። ሁሉም ይጠቅማሉ፤ ሁሉም ግን በሁሉም ሰዓት አይጠቅሙም። ስብሰባ ላይ የበሸቀ ሰው ተነስቶ ታቦር ተራራ አይወጣም። ብቸኝነት ወደ ድራፍት ቤት የሚነዳውን ሰው ደግሞ የትንፋሽ ልምምድ ብቻውን ቤት አያውለውም። ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው የትኛው ዘዴ "ምርጥ" እንደሆነ ለመፍረድ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ቢራው፣ ኬኩ ወይም ጫቱ ለእርስዎ ሲሠራ የቆየው ሥራ ምንድን ነው? ምትኩ ያንኑ ሥራ ካልሠራ በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል።

ረሃብ ነው ወይስ አምሮት?

ይህ ካልተለየ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ሆድ ላይ ይሰማል፣ የተገኘውን ይቀበላል። አምሮት ድንገት ይነሳል፣ አፍ ላይ ይሰማል፣ የሚፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦምቦሊኖ፣ ቺፕስ፣ ቀዝቃዛ ቢራ። ቀላሉ መፈተኛ "አሁን ከትናንት የተረፈ ሽሮ ቢቀርብልኝ እበላለሁ?" ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። መልሱ "አዎ" ከሆነ ርቦዎታል፤ ይብሉ። "ሽሮውን አልፈልግም፣ ኬኩን ነው" ካሉ አምሮት ነው።

ቁርሱን ዘሎ ምሳውን በሻይ ያለፈ ሰው አመሻሽ ላይ ጭንቀት የሚመስል ነገር ይይዘዋል። የደም ስኳር ሲወርድ ሰውነት ለማስተካከል አድሬናሊንና ኮርቲዞል ይለቃል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትዕግሥት ያጥራል። ይህ በመተንፈስ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም፤ ምሳ ነው የሚፈታው። የሚጾም ሰው ደግሞ ከባድ ንግግርና ከባድ ውሳኔ ከመፍቻው ሰዓት በፊት ባያደርግ ይመረጣል።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ካለ

ለወራት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የቆየ ሰው (በተለይ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ) የሚከተሉትን ዘዴዎች ይዞ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። መጠጡ ከቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሰውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሐኪም፤ በመድኃኒት እየታገዙ ማቆም ይቻላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ ለመድረስ የሚከብደው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምር። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰውም እንደዚሁ፣ ያኑ ዕለት፣ ብቻውን ሳይሆን ሰው አስከትሎ።

ቢራው ምን ይሠራ ነበር?

ለሦስት ቀን በስልክዎ ላይ ወይም በወረቀት ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ከማን ጋር እንደነበሩና አምሮቱ ከመነሳቱ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች ምን እንደተፈጠረ። ምን ያህል እንደበሉ ወይም እንደጠጡ መቁጠሩ ለጊዜው አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ያሳፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ መጻፉን ያቆማል።

ከሦስት ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ጎልቶ ይወጣል። ከሥራ ወደ ቤት መሸጋገሪያ የሌለው ሰው ድራፍቱን እንደ በር ይጠቀምበታል፤ ካልጠጣ ሥራው ያላለቀ ይመስለዋል። ሌላው የሚፈልገው ሰው ነው፤ ቢራው ሰበብ ነው። ሦስተኛው ንዴት ማብረጃ ይፈልጋል። አራተኛው እንቅልፍ። አምስተኛው እጁና አፉ ሥራ ስለፈቱ ብቻ ቆሎ የሚያነሳ ነው፤ ይህኛው በጣም ቀላሉ ነው፣ ሳህኑን ከጠረጴዛው ማራቅና እጅን ሌላ ነገር ማስያዝ (ክር መሥራት፣ ልብስ ማጣጠፍ፣ መቁጠሪያ ወይም ሙስበሃ) ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ስለ ቀሩት አራቱ እንነጋገር።

አስቀድሞ አንድ ቁጥር ይያዙ፦ 20 ደቂቃ። አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ካልመገቡት ይወርዳል። ይህን አመለካከት ወደ ሱስ ሕክምና ያስገባው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አላን ማርላት ነው። አብዛኛው አምሮት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግባል። ስለዚህ ለሁለት ደቂቃ ተንፍሶ "አልሠራም" ብሎ ወደ ኬኩ መመለስ ዘዴውን ሳይሆን ሰዓቱን መሳት ነው። አጭሩን ዘዴ ከረጅሙ ጋር ያያይዙት።

አምስት ደቂቃ ብቻ ሲኖር፦ ትንፋሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ወይስ ጡንቻ ማላላት?

ትንፋሽ ሰው ሳያውቅብዎት የሚሠሩት ብቸኛው ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ አለቃ ፊትም ይቻላል። ሁለት ዓይነት እናወዳድር። አንደኛው በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ አስገብቶ ለ6 ሰከንድ ማስወጣት ነው፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ሁለተኛው ድርብ ትንፋሽ ነው፦ በአፍንጫ ሳንባ እስኪሞላ ይስባሉ፣ ሳያስወጡ በላዩ አጭር ትንፋሽ ይጨምራሉ፣ ከዚያ በአፍ ቀስ ብሎ እስኪያልቅ ማስወጣት። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ያሠራቸውን ሰዎች ሌላ ዓይነት ትንፋሽና ተመስጦ ከሠሩት ጋር አነጻጽሯል። ስሜትን በማነቃቃት ድርቡ ትንፋሽ ከተመስጦው በልጧል፤ ጭንቀትን በመቀነስ ግን ሁሉም ተቀራራቢ ነበሩ። ስለዚህ ሰው ፊት ከሆኑ የመጀመሪያውን፣ ብቻዎን ከሆኑ ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ድርቡ ትንፋሽ ድምፅ አለው፣ ስብሰባ ላይ "ምን ሆንክ?" ያስብላል።

የሚበላሸው የት ነው? ብዙ ሰው "በደንብ ተንፍስ" ሲባል ትልልቅና ፈጣን ትንፋሽ ይስባል። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም በዝቶ ይወጣል፤ ጭንቅላት ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይጠዘጥዛል፣ ሰውየውም ባሰብኝ ብሎ ይደነግጣል። ሥራውን የሚሠራው ማስወጣቱ ነው፤ የሚስቡት ልከኛ፣ የሚያስወጡት ረጅም ይሁን። ከዞረብዎት ቆጠራውን ትተው እንደ ወትሮው ይተንፍሱ፤ በደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። ሌላው ስህተት በጭንቅ ሰዓት ብቻ መሞከር ነው። ዋና መስመጥ ሲጀምሩ አይማሩትም፤ ደህና በሆኑበት ሰዓት ለአንድ ሳምንት ይለማመዱት።

ቀዝቃዛ ውሃ ከትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ይዞ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ መንከር ሰው ሲጠልቅ የሚነሳውን የሰውነት ምላሽ ይቀሰቅሳል፤ የልብ ምት ይቀንሳል። ለንዴት ይህን የሚስተካከል የለም። ዋናው ቦታ ዓይን ዙሪያና ጉንጭ ነው፤ እጅ ላይ ማፍሰስ ያንን አያመጣም። ሐዋሳ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፦ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የሮቶ ውሃ ከሰዓት በኋላ ለብ ስለሚል ቧንቧው አይረዳዎትም። ፍሪጅ ውስጥ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ ንጹሕ ጨርቅ ያስቀምጡ፤ ጨርቁን ነክሮ ዓይንና ጉንጭ ላይ መጫን ገንዳ ይተካል። የልብ ሕመም ያለበት፣ የልብ ምቱ ዝግ ያለ ወይም ራሱን የሚስት ሰው ይህን ይተወው።

ጡንቻ ማላላት አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ጡንቻን ለ5 ሰከንድ ጨምቆ በአንድ ጊዜ መልቀቅ፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ሰከንድ ልዩነቱን ማዳመጥ። ቅደም ተከተሉ፦ እጅን መጨበጥ፣ ክንድ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ መሳብ፣ ፊትን ማጨማደድ፣ ሆድ፣ ጭን፣ መጨረሻ ባት። ሙሉው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በሙሉ ኃይል መጨመቅ አያስፈልግም፤ ከአቅም ሦስት አራተኛው ይበቃል። እግርን አጥብቆ መጨመቅ ደግሞ ጡንቻው እንዲኮማተርና እንዲያም ያደርጋል። ስትጨምቁ ትንፋሽ መያዝም የተለመደ ስህተት ነው።

ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ወይም ኮምፒውተር ላይ ላጎነበሰ ሰው ከሦስቱ ይህኛው ይመረጣል ባዮች ነን፤ ውጥረቱ ያለው ትከሻና አንገት ላይ ነውና። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የሚሠሩና ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚኖሩ ልጆች ፀጥታ አያገኙም፤ ይህ ዘዴ ግን ፀጥታ አይጠይቅም፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጓደኛ እያወራም ይሠራል። አብረው ቢሠሩት ደግሞ የተሻለ።

ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ፦ እግር፣ ሳይክል ወይስ ተራራ?

አምሮትን በቀጥታ ለመስበር እርምጃ ጥሩ ማስረጃ አለው። በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት፣ ሥራ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት 15 ደቂቃ ፈጠን ብለው የተራመዱ ቸኮሌት ወዳጆች ካልተራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ የበሉት ግማሽ ያህሉን ነው። ፍጥነቱ እንዲህ ይለካል፦ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን አይችሉም። በ20 ደቂቃ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል።

ሐዋሳ ለዚህ የተሠራች ከተማ ናት፤ ሜዳ ናት፣ መንገዶቿ ሰፊ ናቸው፣ ጥላ አላቸው። ሆኖም የት እንደሚሄዱ ካልመረጡ እርምጃው ራሱ ወደ ድራፍቱ ያደርስዎታል። ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደው ጎዳና ውብ ነው፤ የሚያልቀው ግን ሰው ተሰብስቦ በሚበላበትና በሚጠጣበት ቦታ ነው። አሞራ ገደልም ያው ነው። ጠዋት ሲሆን ዓሣ አጥማጆቹንና አባ ኮዳዎቹን ሲያዩ መቆየት መንፈስ ያድሳል፤ አመሻሽ ላይ በባዶ ሆድ ከሄዱ ግን ኮተሌትና ሾርባ ሳይቀምሱ መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ ሐይቁን ለጠዋት ይተዉት። አመሻሽ ላይ ከቤት ተነስቶ ወደ ቤት የሚመለስ፣ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የሚዞር መንገድ ይምረጡ፤ ድራፍት ቤት የሌለበት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ ገብርኤል አካባቢ ለጸጥታ ብሎ የሚሄድ ሰው ሌላ ቀን ይሻለዋል።

ገንዘብ ይዞ አለመውጣት የድሮ ዘዴ ነበር። ስልኩ ላይ ቴሌብር ያለው ሰው ኪሱን ባዶ ቢያደርግ ምን ዋጋ አለው፤ ስልኩንም ቤት ይተው ወይም ሰዓት ብቻ አስሮ ይውጣ።

ሐይቁ ዳር ላይ ሁለት ነገር አይዘንጉ። ጉማሬዎች ሲመሽ ሣር ፍለጋ ከውሃ ይወጣሉ፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ሣርና ቁጥቋጦ ያለበትን ዳርቻ ይተዉላቸው፣ በጉማሬና በውሃው መካከልም ፈጽሞ አይቁሙ። ሁለተኛው መዋኘት ነው። ዋና ውጥረት ማብረጃ ተብሎ መመከሩ ትክክል ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ግን ቢልሃርዚያ ስላለበት ለዚህ አይሆንም። መዋኘት ከፈለጉ የሆቴል ገንዳ አለ። የመዋኛ ገንዳው ዳር ባር አለ እንዴ? ብዙ ጊዜ አለ። እንግዲህ ይታሰብበት።

ሳይክል ከእርምጃ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። የሚራመድ ሰው ያስከፋውን ነገር እያብሰለሰለ ሊራመድ ይችላል፤ ሃያ ደቂቃ ሄዶ ከአለቃው ጋር ሃያ ደቂቃ ሲከራከር ቆይቶ ይመለሳል። ሳይክል ላይ ያለ ሰው ባጃጅ፣ ጉድጓድና ድንገት የሚወጣ ሕፃን ስለሚጠብቅ ሐሳቡ ለክርክሩ ቦታ አይኖረውም። ለሚያብሰለስል ሰው ሳይክሉን እንመርጣለን። ለተናደደ ሰው ግን አይሆንም፤ የተናደደ ሰው ይፈጥናል፣ ግራ ቀኙን አያይም። እሱ በእግሩ ይሂድ። ከተከራዩ ከመነሳትዎ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ለየብቻ ጨብጠው ሳይክሉን ወደፊት ይግፉት፤ ጎማው የሚሽከረከር ከሆነ ይመልሱት። መብራት የሌለውን ሳይመሽ ይመልሱ።

ታቦር ተራራ ለሳምንት መጨረሻ ነው። ከላይ ሐይቁና ከተማው አብረው ይታያሉ፤ ትንሽ ጊዜ ቁልቁል ማየት ራሱ ነገሮችን ያሳንሳል። ለዕለት አምሮት ግን አይሠራም፤ እዚያ ለመድረስ መዘጋጀት ይጠይቃል፣ አምሮቱ ደግሞ ባጃጅ እስክትጠብቁ አይታገስም። ከወጡ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ በብርሃን፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ የሚያንሸራትት ጫማ ሳያደርጉ።

ሰው ለናፈቀው

ለብዙ ሰው ድራፍቱ ሰበብ እንጂ ዓላማ አይደለም፤ የሚፈልገው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሰዎች ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቤት ቁጭ ብለህ ተንፍስ ማለት ቅጣት ነው። ሦስት አማራጭ አለ፤ እንደ ክብደታቸው እንያቸው።

ከዚያው ጓደኞች ጋር እዚያው ቤት ተቀምጦ አምቦ ውሃ ማዘዝ ከሁሉ ይከብዳል። ከመረጡት የመጀመሪያውን ትዕዛዝ እርስዎ ይስጡ፤ ሰው ቢራ እስኪያዝ ከጠበቁ "ለእሱም ጨምሩ" ይባላል። ሲጠይቁ መልሱ አጭር ይሁን፦ "ዛሬ አልጠጣም።" "መድኃኒት ላይ ነኝ" ማለት ለአንድ ቀን ይሠራል፤ በሳምንቱ "አልጨረስክም እንዴ?" ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ። የቤቱ ጨዋታ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይለወጣል፤ ያልጠጣ ሰው ይሰለቸዋል፣ መሰላቸት ደግሞ ራሱ ያስጠጣል።

መካከለኛው ጨዋታ ነው። ዳማ፣ ጆተኒ፣ ካራምቡላ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ኳስ። ካራምቡላ ቤት መጠጥ የሚሸጥ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ጆተኒው ልጆች በተሰበሰቡበት በረንዳ ላይ ስለሆነ ከሁሉ ንጹሕ ነው፣ አንድ አዋቂ ሰው ከሕፃናት ጋር ጆተኒ ሲጫወት ማየት ትንሽ ቢያስቅም። የኳስ ቡድን ሌላ ጥቅም አለው፤ ካልመጡ ይደውሉልዎታል።

ቀላሉ የጎረቤት ቡና ነው። "ያለ መጠጥ ተብሎ ቡና?" የሚል ይኖራል። ቡናው ላይ መቀመጡና ሲኒውን ሦስቴ ማንሳቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከምሳ በኋላ ባለው ቡና አቦሉን ጠጥተው በቶናና በበረካው ወሬውን ብቻ ይካፈሉ፤ ደግ ጎረቤት ይህን ትረዳለች፣ ያልተረዳችም ሁለቴ ትለምናለች እንጂ አታስገድድም። ካፌይን ከገባው ውስጥ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። ለነፍሰ ጡርና የወሊድ መከላከያ እንክብል ለምትወስድ ሴት ከዚህም ይዘገያል። ልቡ የሚመታበት ሰው ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ የሚያስበው አንዳንዴ ሦስተኛው ሲኒ ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ባይጠጣ ይመረጣል፤ በአንድ ቀን ካቆሙት ግን ሐራራው ራስ ምታት ያመጣል፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሱ ይውረዱ።

ስለ ጫት በአጭሩ፦ መጠጥን በጫት መተካት መተካት አይደለም። ምርቃናው ያነቃል፣ ማታ ያንን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፣ ቢራውም በሌላ በር ይገባል። ሲጋራና ሺሻም በዚሁ ይታዩ።

እንቅልፍ ለራቀው

አልኮል ቶሎ ያስተኛል። ሌሊቱ ሲጋመስ ግን ከሰውነት ይወጣና እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ 9 ሰዓት ላይ ዓይን ይፈጣል፣ ጠዋት ድካም፣ ከሰዓት በኋላ ስኳር፣ ማታ እንደገና ቢራ። ይህን የሚሰብሩት የጽሑፍ ዘዴዎች ናቸው፤ ሦስት ዓይነት ስላሉና ሰዓታቸው ስለሚለያይ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

የመጀመሪያው ስሜትን መጻፍ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ሰዎች በጣም ያስጨነቃቸውን ነገር ለ4 ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ለቆየ ቁስል ይህ ጥሩ ነው። ጽፈው እንደጨረሱ ግን ልብ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከመኝታ በፊት አይሁን፣ ቀን ይሁን። ወረቀቱን ሌላ ሰው እንዳያየው ቀድዶ መጣል ይቻላል፤ ጥቅሙ በመጻፉ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ለጭንቀት ሰዓት መቅጠር ነው። በቀን አንድ የተወሰነ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከ11 እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጦ መጨነቅ። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ በአንድ ቃል ብቻ ጽፎ "11 ሰዓት ላይ" ብሎ ማሳለፍ። በሰዓቱ ደግሞ ዝርዝሩን በሁለት ይክፈሉት፦ ነገ አንድ እርምጃ ልወስድበት የምችለውና የማልችለው። የቤት ኪራይ በመጻፍ አይከፈልም፤ ግን "ነገ 4 ሰዓት ላይ አከራዩን አነጋግሬ እስከ ወሩ 15 እንዲጠብቁኝ እጠይቃለሁ" የሚል መስመር ሌሊት ሙሉ ከመገላበጥ ያድናል። አልጋ ላይ ሆኖ ማድረግ ይህን ዘዴ ያበላሸዋል፤ አልጋው የጭንቀት ቦታ ይሆናል።

ሦስተኛው ለመኝታ የተሠራ ነው፦ በ5 ደቂቃ የነገ ሥራዎችን መዘርዘር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ይህን ያደረጉ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ከዘረዘሩት በአማካይ 9 ደቂቃ ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። ዝርዝሩ በተብራራ ቁጥር ይበልጥ ይረዳል፤ "ባንክ" ብሎ መተው አይበቃም፣ "ጠዋት 3 ሰዓት ባንክ፣ መታወቂያ ይዤ" ይባል።

እንግዲህ ለመተኛት ብቻ የሚጠጣ ሰው ከሦስተኛው ይጀምር፤ በቀላልነት ወደር የለውም። ሥራው የሚከታተለው ሰው ሁለተኛውን ይጨምር። ስልክ ይዞ መጋደም ግን ከሦስቱም አይቆጠርም፤ ቪዲዮ አምሮትን ያዘገያል እንጂ አያወርደውም፣ መካከል ላይ የምግብ ማስታወቂያ ሲመጣም ይታያል። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለመጻፍ የሚፈልጉ ደግሞ ትንኙን ያስቡ፤ አጎበር ውስጥ ከገቡ በኋላ እስክሪብቶ ፍለጋ መውጣት ስለሚያስጠላ ወረቀቱን አስቀድሞ ራስጌ ማድረግ።

ጸሎት የት ይገባል?

ለብዙዎቻችን ይህ አማራጭ ሳይሆን መሠረት ነው፤ ከሌሎቹ ጋር የምናወዳድረው ሰውነት ላይ በሚያደርገው ብቻ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት በላቲን የሚደገም ጸሎትና በዮጋ የሚደጋገም ቃል (ማንትራ) የሰዎችን ትንፋሽ ወደ ደቂቃ 6 ገደማ እንደሚያወርዱ አሳይቷል፤ ከላይ ከጠቀስነው ቆጠራ ጋር አንድ ነው። አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦታን አንዱን በአንድ ትንፋሽ የሚያደርስ ሰው 7 ደቂቃ ገደማ ዘገምተኛ ትንፋሽ ሠርቷል፤ 33 ጊዜ ሱብሃነላህ በዚሁ አካሄድ 5 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። መዝሙር የሚዘምር ደግሞ ማስወጣቱን ያስረዝማል። የሚበላሸው ሲቸኩሉ ነው፤ ቆጠራውን ለመጨረስ የተሯሯጠ ጸሎት ለነፍስ ምን እንደሚያደርግ እኛ አንናገርም፣ ትንፋሽን ግን አያዘገይም። ስግደት የሚችል ሰው ጡንቻውንም አብሮ ያሠራል።

እንዴት ይመረጥ?

አንድ አጭርና አንድ ረጅም ይምረጡ፤ ከሁለት በላይ አይያዙ። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ተሳፋሪ እስኪመጣ ባለው ጊዜ 4 በ6 ትንፋሽ፣ ማታ ባጃጁን ካቆመ በኋላ ደግሞ በእግሩ ይዙር፤ ቀኑን ተቀምጦ ስለዋለ ሳይክሉ አይጨምርለትም። ቢሮ የሚውል ሰው ትከሻውን ያላላ፣ ከሥራ ሲወጣ ከባጃጁ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይውረድ፤ ያቺ የ20 ደቂቃ መንገድ ድራፍቱ ሲሠራ የነበረውን የበርነት ሥራ ትሠራለች። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ለጭንቀቱ ሰዓት ይቅጠርና ሳይክል ይንዳ። ልጆች ይዛ ቤት የምትውል እናት ለብቻዋ 20 ደቂቃ ላታገኝ ትችላለች፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ጨርቅና የጎረቤት ቡናን እንመክራታለን፣ ልጆቹ ያስተረፉትን ምግብ ቆማ መጨረስን ደግሞ ልብ ብላ ትከታተል፣ ብዙው የሚበላው እዚያ ነው።

የመረጡትን ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት። በእያንዳንዱ ጊዜ ከመጀመርዎ በፊት አምሮቱን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና። ከ8 ወደ 5 ከወረደ ሠርቷል፤ ወደ 0 መውረድ አይጠበቅበትም። ቁጥሩ ካልወረደ ሰዓቱን ይመልከቱ። አምሮቱ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ዘዴውን ከዚያ በፊት 15 ደቂቃ ይጀምሩ፤ ጫፍ ላይ የደረሰን አምሮት ማውረድ በጣም ይከብዳል። ይህም ካልረዳ ዘዴው ከሥራው ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ሰው የናፈቀው ሰው ብቻውን ሲራመድ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሦስቱ ቀናት ማስታወሻ ይመለሱና "ከማን ጋር" የሚለውን መስመር ያንብቡ።

አንድ ቀን ቢያመልጥዎትና ድራፍቱ ቢጠጣ፣ ኬኩም ቢበላ፣ ያኑ ማታ ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የሆነውን ብቻ ይጻፉ። በማግስቱ ምሳ ይብሉ፤ ትናንት በዝቷል ብሎ ምሳ መዝለል አመሻሹን ያከብደዋል።